የቆየ ፒክአፕ የጋቢና ጣሪያ መብራቶችን ስለመቀየርና ከሥራቸው ስለሚገባው ውኃ

ጠያቂ፦ ባለ ድርብ ጎማ

ሰላም ለሁላችሁ። በእጄ ያለው ፒክአፕ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የተሠራ፣ ከኋላ ድርብ ጎማ ያለውና በጋቢናው ጣሪያ የፊት ጠርዝ ላይ አምስት ብርቱካናማ ጠቋሚ መብራቶች የተደረደሩበት አሜሪካ ሠራሽ መኪና ነው። ከአምስቱ መካከል በሾፌሩ በኩል ያለው የዳር መብራት ጨርሶ አይበራም። ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ደግሞ ደብዝዞ ይበራና በር በኃይል ሲዘጋ ለቅጽበት ደመቅ ብሎ መልሶ ይደበዝዛል። የቀሩት ሦስቱ ደህና ናቸው። ይሁን እንጂ የሁሉም ሽፋን በፀሐይ ብዛት ነጥቶና ተሰነጣጥቆ ስላረጀ፣ አምፖል ብቻ ከመለወጥ አምስቱንም ከነመቀመጫቸው ለመቀየር ወስኜ አዲስ ሙሉ ስብስብ ገዝቻለሁ።

ከመብራቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ውኃው ነው። ጠንከር ያለ ዝናብ ከዘነበ በኋላ በውስጥ ስፖኪዮው አካባቢ ከጣሪያው ልባስ ጫፍ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል፤ በልባሱም ላይ ዳርና ዳሩ ቡናማ የሆነ ክብ እድፍ ወጥቷል። አዲሶቹ መብራቶች የፕላስቲክ መቀመጫ፣ ስስ የስፖንጅ ጓርኒሲዮንና ሁለት ሁለት ሽቦ ያላቸው ሲሆኑ፣ የድሮዎቹ ግን አንድ ሽቦ ብቻ ያላቸው ይመስለኛል። ማወቅ የምፈልገው የደብዛዛው መብራት ችግር ከምን እንደመጣ፣ መቀመጫዎቹን ስመልስ ዙሪያቸውን በሲሊኮን ልዝጋ ወይስ ጓርኒሲዮኑ ብቻ ይበቃል የሚለውን፣ እንዲሁም ለዚህ ሥራ የጣሪያው ልባስ መውረድ ይኖርበት እንደሆነ ነው። በዚያው ሥራ ላይ ሳለሁ በተራው አምፖል ፈንታ ኤልኢዲ ባስገባ ይሻል እንደሆነም አስተያየታችሁን ብሰማ ደስ ይለኛል።

መላሽ፦ የሽቦ ሰው

ስለ ውኃው ሌሎች ይመልሱልዎታልና እኔ ከደብዛዛው መብራት ልጀምር፤ አዲሱን መብራት በአሮጌው ብልሽት ላይ ቢያስሩት እርሱም ደብዝዞ ነው የሚቀጥለው። የጣሪያ መብራቶች ኃይላቸውን የሚያገኙት ከፓርኪንግ መብራቱ መስመር ሲሆን፣ ሽቦው ከፊት መስታወቱ ጎን ባለው ቋሚ ውስጥ ሽቅብ ወጥቶ በጣሪያው ስፋት ለአምስቱ ይከፋፈላል። እያንዳንዱ መብራት ለብቻው ከመስመሩ ጋር ስለሚያያዝ የአንዱ መቃጠል ሌላውን አያጠፋም። አምስቱም በአንድ ጊዜ ቢጠፉ ኖሮ ፊውዙን ወይም በቋሚው ውስጥ የሚያልፈውን ሽቦ እጠረጥር ነበር። የእርስዎ ሦስቱ በደንብ እየበሩ ሁለቱ ብቻ ስለታመሙ ግን ጥፋቱ እዚያው በሁለቱ መብራቶች መቀመጫ ላይ ነው፤ በር ሲዘጋ መድመቁም ግራውንዱን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መንገድ፣ እንድጠረጥር ያደርገኛል።

በዚያ ዘመን የተሠሩ ብዙ የጣሪያ መብራቶች የተለየ የግራውንድ ሽቦ የላቸውም፤ ኔጌቲቩን የሚያገኙት መቀመጫውን ከጣሪያው ላሜራ ጋር በሚያጣብቀው ብሎን በኩል ነው። አንድ ሽቦ ብቻ ያዩትም ለዚህ ነው። ብሎኑና የብሎኑ ቀዳዳ ሲዝጉ ኤሌክትሪኩ መመለሻ ያጣል፤ በር ሲዘጋ ላሜራው ስለሚነዝር የዛገው ግንኙነት ለቅጽበት ይነካካና መብራቱ ይደምቃል። ይህን በግምት ከመተው በቴስተር ማረጋገጥ ይሻላል። ፓርኪንግ መብራቱን አብርተው፣ አምፖሉ ከቦታው ሳይወጣ፣ የቴስተሩን አንድ ጫፍ በሶኬቱ የኔጌቲቭ ምላስ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ደግሞ በረዥም ሽቦ አስረዝመው በባትሪው ኔጌቲቭ ላይ ያድርጉ። ግራውንዱ ጤናማ ከሆነ የሚያነቡት ቁጥር ከ0.1 ወይም ከ0.2 ቮልት የሚዘል አይሆንም። በደብዛዛው ላይ 2 ወይም 3 ቮልት ካነበቡ ያን ያህሉን ቮልት ዝገቱ እየበላው ነው ማለት ነው። ጨርሶ በማይበራው ላይ ወደ 12 ቮልት ካነበቡ ደግሞ አያስደንግጥዎት፤ ኃይሉ አምፖሉን አልፎ ኔጌቲቩ ምላስ ድረስ ደርሶ መውጫ አጥቷል፣ ስለዚህ አምፖሉ ደህና ሆኖ የተቆረጠው ግራውንዱ ነው። ዜሮ ካሳየ ግን ወይ አምፖሉ ተቃጥሏል፣ ወይ ኃይሉ እዚያ አልደረሰም።

አዲሶቹ ሁለት ሽቦ ያላቸው መሆኑ ለእርስዎ መልካም ነው። አምስቱን የኔጌቲቭ ሽቦዎች በጣሪያው ውስጥ ከአንድ የጋራ ሽቦ ጋር አገናኝተው በቋሚው በኩል ወደታች በማውረድ፣ ቀለሙ እስከ ብረቱ ድረስ በተፋቀ አንድ ጠንካራ ብሎን ላይ ይሰሩት እንጂ፣ እያንዳንዱን በየራሱ የጣሪያ ብሎን ላይ አይጠምጥሙት። የኃይሉ ሽቦ በብዙ የቆዩ ፎርድና ሼቭሮሌ መኪኖች ላይ ቡናማ ነው፤ ሆኖም ሠላሳ ዓመት ያለፈው መኪና ስንት እጅ እንደነካው ስለማይታወቅ ቀለሙን አምነው ሳይሆን በቴስተር አረጋግጠው ይቁረጡ። ስለ ጭነቱ አይጨነቁ፤ በእነዚህ መብራቶች ውስጥ በብዛት የሚገባው 194 የሚባለው አምፖል በ14 ቮልት 0.27 አምፔር ይወስዳል፣ አምስቱ ተደምረው ከ1.35 አምፔር አያልፉም፤ 0.75 ሚሊ ሜትር ካሬ የሆነ ሽቦ ከበቂ በላይ ነው። ፊውዙ ቢበጠስ በትልቅ ፊውዝ አይተኩት፤ የተቃጠለበትን ቦታ ይፈልጉ። መጋጠሚያዎቹን በናስትሮ ብቻ ጠቅልሎ መተውንም አልመክርም፤ ጣሪያው በፀሐይ ሲግል ሙጫው ይቀልጥና ናስትሮው ተፈትቶ ይወርዳል። በሙቀት የሚጠብ ቱቦ ያልብሷቸው።

መላሽ፦ ላሜራ ቤት

የሽቦው ሰው በደንብ አስረድተዋል። እኔ ግን ጥያቄዎ የመብራት ቢመስልም ሥራው በአብዛኛው የውኃ ሥራ ነው እላለሁ፤ ግራውንዱን ያዛገውም ልባሱን ያቆሸሸውም አንዱ ውኃ ነውና።

ምንም ሳይፈቱ አስቀድመው ውኃው በየት እንደሚገባ ይለዩ። በስፖኪዮው አጠገብ ስለተንጠባጠበ በመሀሉ መብራት በኩል ገብቷል ብለው አይደምድሙ፤ ውኃ በጣሪያው ውስጥ ያለውን አግዳሚ ብረት ተከትሎ ርቆ ይሄድና ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ነው የሚወርደው። የፊት መስታወቱ የላይኛው ጠርዝም በዚሁ ቦታ ያፈሳል። ስለዚህ አምስቱን መብራቶች ከነዙሪያቸው በቀለም ቀቢዎች የወረቀት ፕላስተር ይሸፍኑና፣ ያለ ግፊት በሚፈስ የውኃ ጎማ ከታች ወደ ላይ፣ መጀመሪያ የመስታወቱን ጠርዝ ብቻ ረዘም ላለ ጊዜ ያርጥቡ፤ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ በባትሪ ይመልከት። መስታወቱ ካላፈሰሰ የአንዱን መብራት ፕላስተር ልጠው ያርጥቡ፣ ጥቂት ይቆዩ፣ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ይለፉ። ከላይ ከጀመሩ ውኃው ቁልቁል ሁሉንም ስለሚያርስ ምንም የሚለዩት ነገር አይኖርም።

ብሎኖቹን ሲፈቱ አይቸኩሉ። ዝገት የሚያላላ ዘይት ነፍተው ያሳድሩት፤ በነጋታው በጭንቅላቱ ልክ የሆነ ካቻቪቴ ይዘው ጫፉን በመዶሻ ቀስ ብለው መታ መታ ያድርጉና በመጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት ያዙሩት። እሳት አያስጠጉ፤ ከላሜራው ሥር ያለው ልባስ ደረቅ ነው። መቀመጫው ሲነሳ በሥሩ አሮጌ ጓርኒሲዮን ደርቆ ተጣብቆ ያገኙታል። እርሱን በፕላስቲክ መፋቂያና በአልኮል ያንሱት፤ በብረት ቢፍቁት ቀለሙን ቆርጠው ለዝገት በር ይከፍቱለታል።

በቀዳዳዎቹ ዙሪያ ዝገት ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜም አለ፣ እስከ ንጹሕ ብረቱ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀው፣ አንቲረስት ቀብተው፣ ከደረቀ በኋላ የላዩን ቀለም ይቀቡት። የቀዳዳውን የውስጥ ከንፈርም በትንሽ ብሩሽ ይቀቡ፤ ብዙ ሰው የሚረሳው እርሱን ነው። ላሜራው በልቶ እንደ ወረቀት የሚፈረፈር ከሆነ ግን በስቱኮ አይሸፍኑት፤ ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ይበየድበት።

አብሮ የመጣውን ስፖንጅ በተመለከተ አንዱን ውኃ ውስጥ ነክረው ጨምቀው ይልቀቁት። ውኃ መጥጦ ከከበደ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ጥሩው ዓይነት ውኃ አይጠጣም። እኔ ከጓርኒሲዮኑ ሥር ቡቲል የሚባለውን፣ እንደ ሊጥ የሚለመጥጠውንና በጥቅል የሚሸጠውን ጥቁር ማጣበቂያ አኖራለሁ። ቡቲል ዓመታት አልፈው እንኳ አይደርቅም፤ ላሜራው በሙቀት ሲለጠጥና በብርድ ሲሸበሸብ አብሮ ይሄዳል፤ መብራቱን ለመፍታት ሲፈልጉም ቀለም ሳይነቅል ይለቃል። ከእያንዳንዱ ብሎን ጭንቅላት ሥርም ቁራጭ ያድርጉ፤ ውኃ ከመቀመጫው ጠርዝ ይልቅ በብሎኑ ቀዳዳ መግባት ነው የሚወደው። ብሎኖቹን ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ቡቲሉ በጠርዙ በኩል ትንሽ ብቅ እስኪል ድረስ ያጥብቁ፤ ከዚያ በላይ ከሄዱ አዲሱ ፕላስቲክ ይሰነጠቃል።

ሲሊኮን የሚለውን አልወድም። በተለይ ሲደርቅ እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት አሲድ ስለሚያወጣ ብረቱንም የሽቦውን መዳብም ያዝጋል።

ጠያቂ፦ ባለ ድርብ ጎማ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ቴስተሩ በማይበራው ላይ ወደ 12 ቮልት፣ በደብዛዛው ላይ 3 ቮልት ገደማ አሳይቷል፤ ስለዚህ ነገሩ እንደተባለው ግራውንዱ ነው። በውኃ ጎማም ፈትሼዋለሁ። የፊት መስታወቱ ደረቅ ነው፤ የሾፌሩን የዳር መብራት ባረጠብኩ ጊዜ ግን ውኃው ከስፖኪዮው አጠገብ መውረድ ጀመረ። ከመብራቱ እስከዚያ ድረስ የጋቢናውን ስፋት እኩሌታ መጓዙ ነው።

ያን መብራት ሳነሳ የብሎኑ ቀለበት አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል፤ በቀዳዳው ዙሪያም የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ስፍራ ቀለሙ ተነስቶ ዝገቱ ይታያል፤ ብረቱ ግን በጣት ሲጫኑት ጠንካራ ነው። የአንደኛው ብሎን ጭንቅላት ተቆርጦ እግሩ በውስጥ ቀርቷል፤ የሌላኛው ቀዳዳ ደግሞ ሰፍቶ ብሎን አይይዝም። ወፍራም ብሎን ላስገባበት ወይስ ሌላ መላ አለው? ስለ ልባሱና ስለ ኤልኢዲውም ገና መልስ አላገኘሁም።

መላሽ፦ የድሮ ጋቢና

ስለ ልባሱ እኔ ልመልስ። ሽቦዎቹ ደህና ከሆኑና መብራቶቹን ብቻ የሚቀይሩ ከሆነ ሥራው ሁሉ ከውጭ ይጠናቀቃል፤ ሽቦው በቀዳዳው ይሳባልና። ብቻ አሮጌውን ከመቁረጥዎ በፊት ሽቦው ላይ ጠንካራ ክር አስረው የክሩን ሌላ ጫፍ በጣሪያው ላይ በፕላስተር ያጣብቁት፤ ሽቦው ተንሸራቶ ወደ ውስጥ ከገባ ልባሱን ከማውረድ በቀር መንገድ የለም። ለእርስዎ ግን የጋራ ግራውንድ የሚዘረጋ ስለሆነ የልባሱን የፊት ጠርዝ ማውረድዎ አይቀርም። የፀሐይ መከላከያዎቹን፣ የውስጥ መብራቱንና የቋሚዎቹን ሽፋን ይፍቱ፤ ልባሱ ከፊት በኩል እጅ የሚያስገባ ያህል ዝቅ ሲል ይበቃል። ከኋላው እንዳለ ይተውት፤ ከሥሩ ያለው ካርቶን አርጅቶ ስለሚሆን አንድ ጊዜ ከታጠፈ የታጠፈበት መስመር አይጠፋም። እግረ መንገድዎን የረጠበውን ስፍራ ከጀርባው በደንብ ያድርቁት፤ አለዚያ ቀዳዳው ተዘግቶም ሽታው ይቀራል።

ወደ ኤልኢዲው ስመጣ፣ አልቃወመውም፤ ግን ሦስት ነገሮችን ይወቁ። ከብርቱካናማ ሽፋን ሥር ነጭ ኤልኢዲ ካስገቡ ቀለሙ ገርጥቶ ይታያልና ራሱ ብርቱካናማ የሆነውን ይምረጡ። ብርሃኑን በጫፉ በኩል ብቻ የሚረጨውን ሳይሆን ዙሪያውን የሚረጨውን ይግዙ፤ ሽፋኑ የተሠራው መሀል ላይ ለተቀመጠ የአምፖል ክር ነው፣ በአንድ ወገን ብቻ የሚያበራ ኤልኢዲ ከፊት ለሚመጣው ሰው ነጥብ ብቻ ሆኖ ይታየዋል። ኤልኢዲ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ስለሚለይ ባይበራልዎ ነቅለው አዙረው ይክተቱት። ሌላው ብዙም የማይነገር ጉዳይ፣ ተራው አምፖል በሙቀቱ በሽፋኑ ውስጥ ያለውን ላበት እያደረቀ መኖሩ ነው። ኤልኢዲ ስለማይግል ትንሽ እርጥበት ከገባ ጤዛው ከሽፋኑ ውስጥ አይለቅም። ስለዚህ ማሸጉ የተጠናቀቀ ካልሆነ ተራው አምፖል ይሻላል ባይ ነኝ።

ቀለሙን ለመቀየር ካሰቡ ሕጉን ይመልከቱ። በአሜሪካ ደንብ ስፋታቸው 80 ኢንች፣ ማለትም 2.03 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ የሆኑ ተሽከርካሪዎች እነዚህ መብራቶች እንዲኖሯቸው ይገደዳሉ፤ የመሀሉ ሦስቱ ተሽከርካሪው ሰፊ መሆኑን፣ የዳሮቹ ሁለቱ ደግሞ ስፋቱ እስከየት እንደሆነ ያመለክታሉ፤ የፊቶቹ ቀለምም ብርቱካናማ ነው። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 48 በሚመሩ አገሮች ግን የፊቱ የዳር ጠቋሚ መብራት ነጭ፣ የኋላው ቀይ ሲሆን፣ ግዴታ የሚሆነውም ስፋቱ ከ2.10 ሜትር ለሚበልጥ ተሽከርካሪ ነው። መኪናው የሚመረመርበት ቦታ የትኛውን እንደሚከተል ሳያውቁ ጥቁር ወይም ነጭ ሽፋን አይግጠሙ።

በአንድ ነገር ከላሜራ ቤቱ ወንድሜ ጋር አልስማማም። ሲሊኮን ሁሉ አንድ አይደለም፤ የማይሸተውና አሲድ የማያወጣው ገለልተኛው ዓይነት ብረት አይጎዳም፤ በእኔ ጣሪያ ላይ ዝናቡንም ፀሐዩንም ችሎታል።

መላሽ፦ ላሜራ ቤት

ገለልተኛው ብረት እንደማይጎዳ እቀበላለሁ። የኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ መብራቱ እንደገና መነሳት ሲኖርበት ሲሊኮኑ ቀለሙን ይዞ ይነሳል፣ ከቀረውም ቅሪት የተነሳ አዲስ ቀለም አይያዝለትም። በጣሪያ ላይ ዳግመኛ ቀለም መቀባት እንዴት እንደሚያስወጣ የቀባ ያውቀዋል። ማንኛውንም ማሸጊያ ብትጠቀሙ ደግሞ በመቀመጫው ዙሪያ ይሁን እንጂ የሽፋኑን የኋላ ጠርዝ ጭምር አትድፈኑት፤ በሽፋኑ የገባ ጥቂት እርጥበት መውጫ ሊኖረው ይገባል።

ወደ ብሎኑ ስንመለስ፣ የተቆረጠውን መሀሉን በነጥብ መምቻ ምልክት አድርገው በ2.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ይጀምሩት፤ ከዚያ ቀስ በቀስ እያሰፉ ይውጡ። ከመጀመርዎ በፊት ግን በትራፓኖው መሰርሰሪያ ላይ ናስትሮ ጠቅልለው የጥልቀት ምልክት ያድርጉበት፤ ላሜራው ስስ ስለሆነ መሰርሰሪያው በድንገት ያልፍና ልባሱን ይበሳዋል። የብረት ፍርፋሪውን በማግኔት ለቅመው ያውጡት፤ በጣሪያው ላይ ከተተወ በማግስቱ በቀለሙ ላይ ቡናማ ነጠብጣብ ይሆናል። ለሰፋው ቀዳዳ ወፍራም ብሎን መጨመር ችግሩን ለጊዜው ማስተላለፍ ነው። ብሎኑ ሲጠብቅ ከውስጥ በኩል የሚያብጥ የላስቲክ ነት አለ፤ ቀዳዳውን በልኩ አስተካክለው፣ ጠርዙን ቀብተው እርሱን ያስገቡ። ይይዛል፣ ውኃም ይከለክላል። ብሎኑ ግን ከላሜራው ጋር ስለማይነካካ ግራውንድ በእርሱ በኩል አይገኝም፤ የጋራው ሽቦ ለዚህም ጭምር ያስፈልግዎታል።

ጠያቂ፦ ባለ ድርብ ጎማ

እንግዲያውስ በቡቲል፣ በላስቲኩ ነትና በጋራ ግራውንድ እሄዳለሁ፤ ለጊዜው ተራውን አምፖል አደርጋለሁ። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። የጋራውን ሽቦ የማወርደው በየትኛው ቋሚ በኩል ይሁን?

መላሽ፦ የሽቦ ሰው

የኃይሉ ሽቦ በወጣበት በዚያው ቋሚ ያውርዱት፤ መንገዱ ክፍት መሆኑ የታወቀ ነው፣ ሽፋኑንም አንድ ጊዜ ብቻ ይፈታሉ። ጠንካራ የብረት ሽቦ ከላይ ወደ ታች ሰድደው በእርሱ ጫፍ ላይ አስረው ይሳቡት፤ ሽቦው ስለታም ጠርዝ የሚነካበትን ቦታ ሁሉ በላስቲክ ያልብሱ። ይህን ሁሉ የሚሠሩት የባትሪው ኔጌቲቭ ተፈትቶ ነው። በቅርብ ዘመን መኪኖች ላይ በዚህ ቋሚ ውስጥ የኤርባግ ሽቦ ስለሚያልፍ እንዲህ እጅ አይሰደድበትም፤ የእርስዎ ዘመን መኪና ይህ የለበትም።

ተራውን አምፖል መምረጥዎ በእኔም በኩል ተገቢ ነው፤ ኤልኢዲ በጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚበራ ግራውንዱ ግማሽ በግማሽ ዝጎም መብራቱ ደህና ይመስላል፣ አምፖሉ ግን ወዲያው በመደብዘዝ ያሳብቃል። መቀመጫዎቹን ከማጥበቅዎ በፊት አምስቱንም አብርተው የኔጌቲቩን ቮልት በየሶኬቱ እንደገና ይለኩ፤ የዳሩም የመሀሉም ከ0.2 በታች ካነበበ ቡቲሉን ያስቀምጡና ይግጠሙ። ለጥቂት ቀናት ፀሐይ ከመታው በኋላ ቡቲሉ ስለሚተኛ ብሎኖቹን አንድ ጊዜ በእጅ ካቻቪቴ፣ በትራፓኖ ሳይሆን፣ ሩብ ዙር ያህል ጠበቅ ያድርጓቸው።